ኦቨርሎክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

በወገዳም ይሁን በአርብ ገበያ፣ በነፋስ መውጫም ይሁን በመካነ ኢየሱስ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ሥራው ትንሽ ደራ ሲል ዐይኑ ኦቨርሎክ ላይ ማረፉ አይቀርም። የሰፋው ቀሚስ ሁለት ሦስቴ ታጥቦ የውስጥ ጠርዙ ተተርትሮ ይመለስበታል። ለልጇ ዩኒፎርም ያሰፋች እናት ልብሱን ገልብጣ ታይና «ይኼ ጠርዙ አልተመታም እንዴ?» ትለዋለች። ወይም ደግሞ ልብሱን ሁሉ ተሸክሞ ኦቨርሎክ ያለው ሰፊ ዘንድ ሄዶ ወረፋ መጠበቁ ይሰለቸዋል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ለቤተሰቡ ብቻ የሚሰፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኦቨርሎክ አያስፈልገውም፤ ካናቴራና ሌላ የሚሳብ ጨርቅ የሚሰፋ ወይም ዩኒፎርም በብዛት የሚቀበል ሰው ግን ያስፈልገዋል። በመካከል ያለው ቆጥሮ ይወስን። ደረጃዎቹን በተራ ይከተሉ፤ ገንዘብ ይዘው ወደ ሱቅ የሚሄዱት ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ነው።

ደረጃ 1፦ መኪናው የሚሠራውንና የማይሠራውን ይለዩ

ኦቨርሎክ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይሠራል፦ የጨርቁን ትርፍ በቢላ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ጠርዙን በክር ይጠቀልላል። ቦቢን የለውም። በቦቢኑ ፋንታ ሉፐር የሚባሉ ሁለት ጎባጣ ብረቶች አሉት፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ክር ይዘው ከመርፌው ክር ጋር ይጠላለፋሉ። ጨርቁ ሲሳብ ስፌቱም አብሮ የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይሠራውም ብዙ ነው። ዚፕ አይገጥምም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አያወጣም፣ ኪስ አይለጥፍም፣ ኮሌታ ላይ የሚታየውን ቀጥ ያለ ስፌት አይሰፋም። ስለዚህ ሁልጊዜም ሁለተኛ መኪና ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀጥ ያለ ስፌቱ ገና ሳይስተካከል ኦቨርሎክ ይገዛል። ኦቨርሎክ የተጣመመ ስፌት አያቃናም፤ እንዲያውም ቢላው ትርፉን ቆርጦ ስለሚጥለው የጠበበ ልብስ ፈትቶ ማስፋት አይቻልም። ያለዎት መኪና አርጅቶ ክር የሚበጥስ ከሆነ ገንዘቡ መዋል ያለበት መጀመሪያ እሱ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ሥራዎን በደብተር ይቁጠሩ

የሚያስፈልግዎ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። የሰፉትን እያንዳንዱን ልብስ፣ የጨርቁን ዓይነት፣ ጠርዙን በምን እንደያዙትና ኦቨርሎክ ሌላ ሰው ዘንድ ካስመቱ የከፈሉትን ይጻፉ። የጨርቁ ዓይነት ከልብሱ ቁጥር እኩል ዋጋ አለው፤ 10 ካናቴራ የሰፋና 10 የፖፕሊን ሸሚዝ የሰፋ ሰው ፍላጎታቸው አንድ አይደለም።

በጥር ብቻ እንዳይቆጥሩ። ከጥምቀትና ከሠርግ በፊት ያለው ሩጫ፣ እንዲሁም በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የሚመጣው የዩኒፎርም ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ይመስላል። በሐምሌ ግን ገበሬው እጁ ባዶ ስለሚሆን አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ይቀንሳል። አንድ የሥራ ወር፣ አንድ የቀዘቀዘ ወር ይቁጠሩና መካከለኛውን ይውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ጠርዝን ያለ ኦቨርሎክ መያዝ ይልመዱ

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ጠርዝ ጥሩ አድርጎ በተራ መኪና መያዝ የሚችል ሰው ኦቨርሎክ ቢገዛም ባይገዛም ያተርፋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራው አይቆምም።

ለስስ ጨርቅ፣ ማለትም ለፖፕሊንና ለሸሚዝ ጨርቅ፣ የተደበቀ ስፌት ይሞክሩ። ሁለቱን ጨርቆች የውስጥ ፊታቸውን ገጥመው ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ። ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይከርክሙ፣ ይገልብጡ፣ በካውያ ይጫኑትና ከእጥፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ገብተው እንደገና ይስፉ። ጠርዙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ልብሱ ቢገለበጥም የሚታይ ክር የለም። ለዚህ ገና ሲቆርጡ ከ1.2 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ትርፍ መተው አለብዎ።

ለካኪ ሱሪና ለሥራ ልብስ ድርብ ስፌት ይሻላል፦ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይሰፉና የአንዱን ጨርቅ ትርፍ በግማሽ ይከረክማሉ፤ ረጅሙን በአጭሩ ላይ አጥፈው ከላይ ይደግሙታል። ጂንስ ሱሪ ላይ የሚያዩት ባለ ሁለት መስመር ስፌት ይኸው ነው። ከኦቨርሎክ ይልቅ የሚጠነክር ስፌት ነው፤ አጨዳ ላይ የሚለበስን ሱሪ እኔ በሌላ አልሰፋም።

ለቴትሮን ዩኒፎርም ሥራው ጥቂት ከሆነ የትርፉን ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር አጥፎ አንድ መስመር መስፋት ይበቃል። መኪናዎ ዚግዛግ ካለው በዚግዛግ ይያዙት። በእግር የሚረገጠው አሮጌ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ብቻ ስለሚሰፋ ማጠፉ ይቀናል።

የሸማ ነገር ለብቻው ነው። በእጅ የተሸመነ ሸማ ድሩና ማጉ ላላ ስለሚል መቀስ እንደነካው መበተን ይጀምራል። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ጨርቁን ነክረው ያድርቁት፤ መኮማተሩን ሳይቆረጥ ይጨርሳል። ቀጥሎ የቀሚሱን ቅርጽ ሸማው ላይ በሳሙና ወይም በጠመኔ ያስምሩ። መስመሩን ተከትለው በደቃቅ ቀጥታ ስፌት ይስፉ። ከዚያ በኋላ ነው ከስፌቱ ውጭ 1 ሴንቲ ሜትር ትተው የሚቆርጡት። ስፌቱ ማጉን ስለሚይዘው አይመዘዝም። ኦቨርሎክ ቢኖርዎም ይህን አይተዉ፤ ያልተያዘ ሸማ ኦቨርሎክ ላይ ሲገባ ቢላው ይጎትተውና ጠርዙ እንደ ማዕበል ይጠማዘዛል። ጥለት ያለበት ዳርና የተቋጨው ጫፍ ግን ምንም አይፈልጉም፤ እንዳሉ ይተዋቸው።

አሁን ወደ ደብተርዎ ይመለሱ። ከተቆጠሩት ልብሶች በእነዚህ መንገዶች በጥሩ ሁኔታ ሊያዙ የማይችሉት ስንቶቹ ናቸው? ካናቴራ፣ የስፖርት ቱታና ሌላ የሚሳብ ጨርቅ እዚህ ይቀራሉ፤ ቀጥታ ስፌት ሲሳብ ጠቅ ብሎ ይበጠሳል። ብዛት ያለው ዩኒፎርምም ይቀራል፤ መቶ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፉ መዝለቅ ጊዜ አይሰጥም። እነዚህ ሁለቱ ከግማሽ በላይ ካልሆኑ መመሪያውን እዚህ ላይ ዘግተው ገንዘብዎን ለጥሩ ካውያና ለጥሩ መቀስ ቢያውሉት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ሒሳቡን ከነክሩ ያስሉ

ሰው የሚዘነጋው ወጪ ክር ነው። ተራ መኪና ለ1 ሜትር ስፌት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ክር ይበላል። ባለ 3 ክር ኦቨርሎክ 14 ሜትር፣ ባለ 4 ክር ደግሞ 18 ሜትር ያህል ይጨርሳል። የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ተደምሮ 8 ሜትር ቢሆን በባለ 3 ክር ከ110 ሜትር በላይ ክር ሄደ ማለት ነው። በትንሿ ማጠንጠኛ የሚሸጠው ክር ለዚህ አይሆንም፤ ትልቁን ጥቅል መግዛት ግድ ነው፣ ያውም ሦስት ወይም አራቱን በአንድ ጊዜ።

ቁጠባም አለው። ልብሱ ሲሳብ በስፌቱ መካከል የሚታየው የመርፌው ክር ነው። ስለዚህ ከጨርቁ ቀለም ጋር የሚሄደውን ክር መርፌው ላይ ብቻ አድርገው ሉፐሮቹን በነጭ፣ በጥቁር ወይም በግራጫ ማሠራት ይችላሉ። ብዙ ክር የሚበሉትም ሉፐሮቹ ስለሆኑ የየቀለሙን ሦስት ሦስት ጥቅል ከመግዛት ይድናሉ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ስለሆኑ በየራሳቸው ቦታ የእርስዎን ያስገቡ። ለአንድ ልብስ ኦቨርሎክ 20 ብር ይከፍላሉ፣ በወር 40 ልብስ ያስመታሉ እንበል፤ 800 ብር ነው። መኪናው የእርስዎ ቢሆን ለክር፣ ለዘይትና ለመብራት 200 ብር ይወጣል፤ 600 ብር ይተርፋል። መኪናው 30,000 ብር ቢሆን ዋጋውን የሚመልሰው በ50 ወር ነው። በወር 150 ልብስ ከሆነ ግን 3,000 ብር ይቀርልዎታል፤ 750 ወጪ ቢነሣለት በ13 ወይም በ14 ወር ይመለሳል። ልብስ ለማስመታት ከገጠር ከተማ የሚመላለሱ ከሆነ የመሳፈሪያውንና የሚያጡትን ቀን ይጨምሩበት፤ ስሌቱ በአንዴ ሊገለበጥ ይችላል።

ከሁለት ዓመት በላይ የሚወስድ ከሆነ ለብቻ አይግዙ። ሁለት ሦስት ሰፊዎች ተሰብስበው መግዛት ይችላሉ፤ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራና ክሩን ማን እንደሚያመጣ ግን ከመግዛቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ለብቻ ለሚገዛ ዕቁብ ከብድር ይቀላል። ቀድሞ አብቁተ ከነበረው ከጸደይ ባንክ ወይም ከሌላ ተቋም ቢበደሩ እንኳ ክፍያው የሚጀምርበትን ጊዜ ከዩኒፎርሙ ወይም ከጥምቀቱ ሥራ በኋላ እንዲሆን ይደራደሩ። በሐምሌ ብድር መክፈል መጀመር ከባድ ነው።

ደረጃ 5፦ መብራቱንና ጠጋኙን ያረጋግጡ

የቤት ኦቨርሎክ ከ100 እስከ 150 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የኢንዱስትሪው ሞተር ብዙ ጊዜ 400 ዋትና ከዚያ በላይ ነው። ለአምፖልና ለሞባይል የተተከለ አነስተኛ ሶላር ሁለቱንም አያንቀሳቅስም። መብራት ባልገባበት ወይም ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ማሰብ ያለበት በእግር መርገጫ ላይ ተገጥሞ የሚሠራውን አነስተኛ ባለ 3 ክር ኦቨርሎክ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ መኪና ልላክልህ ቢልዎ አስቀድመው ቮልቱን ይጠይቁት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው መኪና 120 ነው። ቀጥታ ሲሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገዙለት ይሠራል፣ ግን እሱም ሌላ ወጪ ነው።

ጠጋኝስ? ተራውን የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው በየከተማው አለ። ኦቨርሎክ ላይ ግን የሉፐሩና የመርፌው ርቀት በፀጉር ውፍረት ስለሚለካ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ደብረ ታቦር ላይ ይፈልጉ፤ ካልሆነ ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም፣ የዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ያሉባት ከተማ ስለሆነች የኢንዱስትሪ መኪና የሚያውቅ ሰው የማግኘቱ ዕድል የተሻለ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት አንድ የተሰበረ ቢላ ወይም መርፌ መኪናውን ለሳምንታት ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ጥንድ ቢላና ሁለት ፓኬት መርፌ ከመኪናው ጋር አብረው ይግዙ።

ደረጃ 6፦ የሚሆንዎትን ዓይነት ይምረጡ

ባለ 3 ክር ጠርዝ ይይዛል፤ መጋጠሚያውን ቀድመው በተራ መኪና ይሰፉታል። ለቴትሮን፣ ለካኪና ለሸማ ይበቃል። ባለ 4 ክር ሁለት መርፌ ስላለው ያጋጥማልም ይይዛልም፤ ካናቴራ የሚሰፋ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። ባለ 5 ክር ለፋብሪካ ነው፤ ቤት ውስጥ ክር ከመብላት በቀር የሚጨምረው የለም።

የፕላስቲክ ገላ ያለው የቤት ኦቨርሎክ በደቂቃ እስከ 1,300 ወይም 1,500 ጊዜ ይሰፋል፤ የኢንዱስትሪው ከ5,000 ያልፋል። የቤቱ ቀላልና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ብዙ ድርብ ካኪ ላይ ግን ይደክማል፣ ባና ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርበትም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ያገለገለ የኢንዱስትሪ መኪና ከአዲስ የቤት መኪና ይሻላል እላለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሠራ ደግሞ ተቃራኒው።

ደረጃ 7፦ ሱቁ ውስጥ በራስዎ ጨርቅ ይፈትኑት

መርካቶም ይግዙ ባሕር ዳር፣ ከቤት ሲነሡ የቴትሮን፣ የድርብ ካኪ፣ የካናቴራና የሸማ ቁራጭ ይያዙ። ሻጩ መኪናውን የሚያሳየው ለእሱ በሚመቸው ጨርቅ ነው፤ ያ ስለ እርስዎ ሥራ ምንም አይነግርዎትም።

መብራት ሳይሰኩ መዘውሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። ብረት ከብረት ሲነካካ ከተሰማዎ ይተዉት። የሉፐሮቹን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳብሱ፤ የተጫረ ከሆነ ክር ይበጥሳል። ከዚያ አስነሥተው አራቱንም ቁራጭ ይስፉ። ጨርቁ ካለቀ በኋላ መኪናው የክር ሰንሰለት እየሠራ መቀጠል አለበት፤ ከተቋረጠ አልተስተካከለም።

የተሰፋውን በሁለት እጅ ይዘው መጋጠሚያውን ይሳቡ። በመካከሉ ክሩ እንደ መሰላል ከታየ የመርፌው ክር ላልቷል። የላይኛው ሉፐር ክር ወደ ታች ከተጠቀለለ የላይኛው ላልቷል ወይም የታችኛው ጠብቋል፤ የታችኛው ወደ ላይ ከወጣ ተቃራኒው ነው። ሁለቱ መገናኘት ያለባቸው ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ሻጩ ይህን በማጥበቂያው ካስተካከለልዎ ችግር የለውም፤ «ሲለመድ ይስተካከላል» ካለዎ ግን ሌላ ሱቅ ይሂዱ። የመርፌውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። የኢንዱስትሪው ዲሲ×27 ወይም ዲሲ×1 የሚባል መርፌ ሊፈልግ ይችላል፤ የተራው መኪና መርፌ አይገባበትም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ክር ማስገባቱ ተራ አለው፦ መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ መርፌው መጨረሻ። ብዙ ጀማሪ የታችኛው ሲበጠስበት እሱን ብቻ ያስገባና ክሩ ወዲያው ይበጠስበታል፤ የመርፌውን ክር አውጥተው እንደገና በመጨረሻ ካላስገቡት ይጠላለፋል። ቀለም ሲቀይሩ ደግሞ አዲስ መጀመር አያስፈልግም። አሮጌውን ክር ከጥቅሉ አጠገብ ቆርጠው አዲሱን ይቋጥሩበት፣ ማጥበቂያውን ያላሉ፣ መጫኛውን ያንሡና ቀስ ብለው ይሳቡት። ቋጠሮው መርፌው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ይቁረጡትና በእጅ ያስገቡት።

ስፒል ያለበት ጨርቅ ቢላው ጋ አይድረስ፤ ስፒሉም ቢላውም ይሰበራሉ። ከስር የታጠፈ እጅጌ ወይም ኪስ አለመኖሩንም በእጅዎ ይዳብሱ፤ ቢላው ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ማታ ማታ ብናኙን በብሩሽ ይጥረጉ። ዘይቱ የስፌት መኪና ነጭ ዘይት ይሁን፤ የኑግ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቅና መኪናውን ያስረዋል።

ወደ ውሳኔው ስንመለስ፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ኦቨርሎክ ያለው ሰፊ ዘንድ ወይም የልብስ ስፌት ክፍል ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደው በገዛ እጅዎ ክር ያስገቡ፣ ይስፉ። ደብተርዎ በወር ከመቶ በላይ የሚሳብ ጨርቅና ዩኒፎርም ካሳየ፣ መብራቱና ጠጋኙ ከተገኙ በደረጃ 6 የመረጡትን ይግዙ። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ሰው ዘንድ ማስመታትዎን ይቀጥሉና ደብተሩን በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ይክፈቱት።